ቴታና ፋይን ለሚያቀያይሩልን እጃቸው ይባረክ

የሒሳብ ሶፍትዌር ሠሪዎች ምን ያህል እንደሚያስቡልን የገባኝ ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እንዳንሰለች ይጨነቃሉ። ከአንዱ ፕሮግራም ያወጣሁትን ውጤት ሌላው ውስጥ ከተትኩት። ስህተት የሚል መልእክት የለ፣ ምን የለ። ሥዕሉም ያምራል። ነጥቦቹ ብቻ ቦታቸው ላይ የሉም።

መቼም እናንተም ቀምሳችኋታል። ነገሩ የአንዲትን ነጥብ ቦታ በአንድ ርቀትና ቴታና ፋይ በሚባሉ ሁለት ማዕዘኖች መናገር ነው። ሦስት ቁጥር ውሰዱ፦ 1፣ 90 ዲግሪ፣ 0። የፊዚክሱ ሰው ቴታን ከዜድ ዘንግ ስለሚለካ ነጥቧን ኤክስ ዘንግ ላይ ያስቀምጣታል። በካልኩለስ መማሪያ ያደገው ደግሞ ቴታ ለሱ ዙሪያውን የሚዞረው ማዕዘን ነውና ያችኑ ነጥብ ሰሜን ዋልታ ላይ ይሰቅላታል። ሦስተኛው ይመጣና "ሁለተኛው ማዕዘን የሚለካው ከወገቡ ወደ ላይ ነው" ብሎ ዋይ ዘንግ ላይ ያሳርፋታል። አላለቀም። ርቀቱን መጨረሻ ላይ መጻፍ የሚያምረው አለ፤ እሱ ዘንድ 0 ርቀት ይሆንና ምስኪኗ ነጥብ መነሻው ላይ ኩምትር ትላለች። አንዲት ነጥብ፣ አራት አድራሻ! ራዲያን የሚባለውን ሌላውን የማዕዘን መለኪያ ገና አላነሳሁም። አይሶ 80000-2 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ቴታ ከዜድ ዘንግ ይለካ፣ ፋይ ዙሪያውን ይዙር ይላል። ለማን እንደሚል እንጃ።

ላፕላሲያንም አለላችሁ፤ አንድ መጠን በየነጥቡ ከዙሪያው አማካይ ምን ያህል እንደሚለይ የሚናገር ስሌት ነው። አንዳንድ የጂኦሜትሪ ሰዎች የመቀነስ ምልክት ውስጡ ይደብቁበታል። ሳታውቁ የሙቀት እኩልታ ውስጥ ስትከቱት ሙቀት ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ ይፈስና ቁጥሩ ሰማይ ይነካል። የቬክተር ግራዲየንት (የቬክተሩ ክፍሎች በየአቅጣጫው እንዴት እንደሚለወጡ የሚያሳይ የቁጥር ሰንጠረዥ) ላይ ደግሞ ረድፉ የማን፣ ዓምዱ የማን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ። የመመሪያው ምሳሌ ሲሜትሪክ ማትሪክስ (ረድፉና ዓምዱ ቢቀያየሩ የማይለወጥ ሰንጠረዥ) ስለሆነ ቢገለበጥም አያስታውቅም። ብልጠት ማለት ይቺ ናት።

ልዩነቱንስ እሺ፣ ሁሉም ከየሙያው ይዞት የመጣው ነው። ግን መመሪያ ላይ "የተለመደውን ደንብ ተከትለናል" ብሎ ማለፍ ምንድነው? ማን ዘንድ የተለመደውን? "ቴታ ከዜድ ዘንግ ይለካል።" አራት ቃል! አራት ቃል መጻፍ ደክሟችሁ የሰው ሁለት ሌሊት ትበላላችሁ። ይሄ ስንፍና እንኳን አይባልም፣ ንቀት ነው።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት አዲስ ስሪት ወጣላችሁ ተባልን። ደንቡን ገልብጠውታል፣ የፈንክሽኑን ስም ግን አልነኩትም። ሌሊት ያቃናሁትን ኮድ አሁን ቁጭ ብዬ መልሼ እያጣመምኩት ነው።