ቤተሰብ የደበቀውን መንገደኛ ሲናገረው

ወሎን በልብ ወለድ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ሁለት የተደላደሉ መንገዶች ይጠብቁታል። አንዱ የቆንጆ አገር ነው፤ አምባሰል፣ የሐይቅ ዳር፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣች ሹሩባ የተሠራች ልጅ። ሌላው የረኃብ አገር ነው፤ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ካሜራ ከኮረም ለዓለም የተሰራጨው ምስል። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። ግን ሁለቱም ከሩቅ የታዩ ናቸው፣ ከሩቅ የታየ አገር ደግሞ ገጸ ባሕርይ አይወልድም። ሐይቅ ዳር አድረው፣ የእስጢፋኖስን ገዳም ፎቶ አንሥተው፣ «ለድርሰቴ መንፈስ ፍለጋ ሄጄ ነበር» የሚሉ ጸሐፊዎች ሲያጋጥሙኝ (ከመካከላቸው ወዳጆቼም አሉ፤ ቅር አይበላቸው) መንፈሱ የትኛው ሆቴል እንዳረፈ ልጠይቃቸው ይዳዳኛል።

የቤተሰብ ትዝታ ለደራሲ ትልቅ ሀብት ነው ይባላል። ነው፤ ግን ጎደሎ ሀብት ነው፣ ቤተሰብ ይደብቃልና። ጉዞ የሚጠቅመውም ለመልክዓ ምድሩ ሳይሆን፣ በቤት ውስጥ በይሉኝታ የታፈነውን ነገር ምንም የማይገደው ሌላ ሰው ስለሚናገረው ነው።

አያቴ ስለ ሰባ ሰባት ስትጠየቅ የምታወራው ስለ በሬዎቿ ነው። ቦራው በስንት ብር እንደተሸጠ፣ ዳለቻው ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ እንደወደቀ፣ ገዢው ጥለቱ የተተለተለ ጋቢ ለብሶ እንደነበር አንድም ሳታስቀር ትናገራለች። ወሬው ወደ ሰው ሲዞር ግን «እግዜር ያውቃል» ብላ ቶናውን ትቀዳለች። ልጆቿም ይህንኑ ወርሰዋል፤ በቤታችን የበሬዎቹን ቀለም የማያውቅ የለም፣ ማን የት እንደቀረ የሚያውቅ ግን የለም።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡስ የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጣርማ በር ድረስ ሁሉም በብርድ ተኮራምቶ ይተኛል፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎና በሶ ይገዛል፤ ወሬ የሚጀመረው ሙቀቱ ሲመጣ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ከሚሴ ሲቃረቡ ነው። ለእኔም አንድ ጊዜ «አበሽር» ብለው አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ከሚሴ ላይ አፋቸውን ከፈቱልኝ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላ፣ ከፋና መተከል ሲያሰፍር አብዛኛው የተነሣው ከወሎ ነበር። ቁጥሩን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሽማግሌው የነገሩኝን ግን የትም አላነበብኩትም።

ለሰፈራ የተመዘገበው ወንድማቸው ነበር። በመሳፈሪያው ቀን ወንድምየው ታሞ ተኛ፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቁጥር እንዳይጎድልበት እሳቸውን በወንድማቸው ስም አሳፈራቸው። አንገር ጉትን ላይ ስንዴ የተሰፈረላቸው በዚያ ስም ነው። እዚያ ያገቧት ሚስት የምታውቃቸውም በዚያው ስም ነው። ከዓመታት በኋላ ካገር ቤት መርዶ መጣ። «የወንድሜን ስም ጠርተው ሞተ ሲሉ፣ አቤት ያልኩት እኔ ነኝ» አሉኝና ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ሐርቡ ደርሰን ወረዱ።

ይህን ታሪክ ተቀምጬ ልፈጥረው ብል አልችልም ነበር። ብችልም አንባቢ «አበዛኸው» ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አያቴን የጠየቅኳት ሌላ ጥያቄ ነው። «ያኔ ምን ሆነ?» አላልኩም፤ «እማማ፣ ከኛ ቤት በሰው ስም የተሳፈረ አለ?» አልኩ። ስኒውን ረከቦት ላይ መለሰች፣ «ማን ነገረህ?» አለች። ከዚያ የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። በኋላ በጻፍኩት ልብ ወለድ ውስጥ ከእሷ የገባው የቦራው ዋጋና የገዢው ጋቢ ብቻ ነው። አጥንቱ የመንገደኛው ሲሆን ቆዳው የቤቴ ሆነ። ብዙ ሰው የሚገምተው ተገላቢጦሹን ነው።

ቤተሰብ የሚደብቀው ሐዘንን ብቻ አይደለም። ወሎ ውስጥ አባቱ ሙሐመድ፣ አያቱ ገብረ ማርያም የሆነ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ እስኪጠመቁ ድረስ መሐመድ ዓሊ ነበሩ። እያንዳንዱ ቤት ግን የዘር ቆጠራውን ለአንድ ወገን አስተካክሎ ነው የሚያወርሰው። እስላሙም ክርስቲያኑም ለጸሎት አብሮ የሚቀመጥበት ወዳጃ ላይ፣ ጭሱ ውስጥ፣ የጎረቤት አሮጊት ትመጣና «አያትህ እኮ የእነ እንቶኔ ዘመድ ነበር» ትላለች። የእኔ ቢጤ ጸሐፊ እዚያ ጥግ ይዞ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

በእርግጥ ከሰው ሕይወት መውሰድ ዕዳ አለው። በዓሉ ግርማ በደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አሥመራ ሄዶ ያየውን በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» አድርጎ ሲያወጣ፣ አንባቢው ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ ባለሥልጣናቱን መለየት ያዘ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከወጣበት አልተመለሰም። ሐርቡ ላይ የወረደ ሽማግሌ ግን መጽሐፍ አያሰበስብም፣ አይከስም። ከእሱ መውሰድ የሚቀለውም፣ የበለጠ መጠንቀቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። እኔ ወንዱን ሴት አድርጌዋለሁ፣ መንደሩን ቀይሬዋለሁ፣ እዚህም ላይ ሁሉንም አልነገርኳችሁም። እንዲህ ያለውን ለውጥ ታሪክን ማዛባት ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም፤ ሰውየው እንዳለ ከተለጠፈ ልብ ወለድ ሳይሆን ክስ ነው የሚሆነው።

በሰባ ሰባት 20 ዓመቱ የነበረ ጎረምሳ ዛሬ ስድሳውን አልፏል፤ በ1966ቱ ረኃብ ጎልማሳ የነበረውማ እየተሰናበተ ነው። ወጣት ጸሐፊዎች ይህ ገብቷቸው ወደ አያቶቻቸው መሄድ ጀምረዋል፤ ደግ ነው። ግን ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ ያንሡልኝ። መቅረጫ የተደቀነበት ሽማግሌ ወዲያው የሬዲዮ እንግዳ ይሆናል፤ «በወቅቱ ከፍተኛ ችግር ነበር» ማለት ይጀምራል። ያለ መቅረጫ መስማት፣ ማታ ደሴ ገብቶ ከመተኛት በፊት መጻፍ ይሻላል፤ የተረሳው ይረሳ። መጓጓዣውንም ቢሆን ያስቡበት። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ መግባት ይቻላል፤ አጠገብዎ የሚቀመጠው ግን ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሪፖርት የሚያርም ሰው ነው።