«ልማት መጣላችሁ» ከማለታችን በፊት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ቅር የሚለው ሰው ይኖራል። ይበለው። ግድብ፣ ማዕድን ወይም ሰፊ እርሻ ሲታቀድ ከጥንት ጀምሮ ቦታው ላይ የሚኖሩትን ሰዎች መጨረሻ ላይ የምናስታውሳቸው ለምንድን ነው? ውሉ ተፈርሞ፣ ዶዘሩ ደጃቸው ከደረሰ በኋላ ለ«ውይይት» እንጠራቸዋለን። የስም መመዝገቢያ ወረቀት ይዞራል። መጻፍ የማይችለው ሽማግሌ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይጫናል። ያ አሻራ ሪፖርቱ ላይ ሲደርስ «ኅብረተሰቡ ተስማምቷል» ይሆናል። ሰውየው ግን የፈረመው ለመገኘቱ ነው።

«ባዶ መሬት» የምትለዋንም ነገር እንተዋት። የታረሰ ማሳ ካላየን ባዶ ይመስለናል። በድርቅ ጊዜ ከብት የሚሸሽበት፣ መድኃኒት የሚቀጠፍበት፣ ሙታን ያረፉበት ቦታ ካርታ ላይ ስላልተጻፈ ባዶ አይደለም።

አውስትራሊያ ውስጥ ጁካን ገደል የሚባል ቦታ አለ። ሪዮ ቲንቶ የሚባለው የማዕድን ኩባንያ የብረት ማዕድን ቁፋሮውን ለማስፋት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 እዚያ የነበሩ የዋሻ መጠለያዎችን በፈንጂ አፈረሰ። የሰው ልጅ ከ46,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሲጠለልበት የኖረ ቦታ ነው። ቀደም ሲል ከዚያ የተጎነጎነ የሰው ፀጉር ተገኝቶ ነበር፤ 4,000 ዓመት ገደማ የሆነው። ዘረመሉ ሲመረመር ዛሬ በሕይወት ካሉት የቦታው ባለቤቶች ጋር የሚዛመድ ሆነ። የቅድመ አያቶቻቸው ፀጉር ማለት ነው። ኩባንያው ደግሞ ሕጋዊ ፈቃድ በእጁ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ፈቃዱን የሰጠው መንግሥት እንጂ የሟቾቹ ልጆች አይደሉም።

«ለአገር ሲባል ጥቂቶች ቢጎዱስ?» የምትሉ አላችሁ። ጥቂቶቹ ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች የሚሆኑት ለምንድን ነው? የኤሌክትሪክ መስመሩ በጎጇቸው አናት ላይ አልፎ ወደ ከተማ ሲሄድ እነሱ ማታ በኩራዝ ይቀመጣሉ። ኬንያ ውስጥ የኤንዶሮይስ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለእንስሳት ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ከቦጎሪያ ሐይቅ ዳርቻ ተነሥቶ ነበር። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነው ውሳኔው ከተጣሱት መብቶች መካከል የልማት መብት ራሱ እንደሚገኝበት ተናገረ። አያችሁ፣ በልማት ስም የተነሣው ሕዝብ ልማቱን ነው የተነጠቀው።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2007 ያጸደቀው የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ አንቀጽ 10 ላይ፣ እነዚህ ሕዝቦች ያለ ፈቃዳቸው ከመሬታቸው እንዳይነሡ ይላል። ፈቃዱ ያለ ጫና፣ አስቀድሞ፣ ነገሩን በደንብ አውቀው የሚሰጡት መሆን አለበት። «አስቀድሞ» ማለት ካርታው ሳይሳል ነው። ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ «እምቢ» የሚለውን መልስ ለመቀበል መዘጋጀት ነው።

ሕንድ ውስጥ ኒያምጊሪ ተራራ ላይ ቦክሳይት፣ ማለትም አሉሚኒየም የሚወጣበት ማዕድን፣ ሊቆፈር ሲል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመንደሩ ሰው ራሱ ይወስን አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 አሥራ ሁለት የመንደር ጉባኤዎች ተሰበሰቡ። አሥራ ሁለቱም እምቢ አሉ። ቁፋሮው ቀረ። እኛ ግን እምቢ ያለን ሰው «ፀረ ልማት» ብለን እንሰድባለን። ስድቡን እንተወውና የሚቀጥለው የመሠረት ድንጋይ ሲጣል፣ ከማጨብጨባችን በፊት፣ የቦታው ሰዎች መቼና በየትኛው ቋንቋ እንደተጠየቁ ጮክ ብለን እንጠይቅ።