ጥያቄው በአማርኛ፣ መልሱ በእንግሊዝኛ

የመጨረሻ ዓመት የጤና መኮንን ተማሪ ሳለሁ ለቲም ትሬኒንግ፣ ማለትም ለቡድን የመስክ ሥልጠና፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ተመድበን ነበር። ጠዋት ጠዋት መጠይቃችንን ይዘን ቤት ለቤት እንዞራለን። ሽንት ቤት አላችሁ? ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ? ልጆቹ ተከትበዋል? አንድ ቀን አንዲት እናት ሁሉንም በትዕግሥት ከመለሱልኝ በኋላ በተራቸው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ አምናም እንደናንተ ያሉ ልጆች መጥተው ይኼንኑ ጠይቀውን ነበር። ለመሆኑ ምን አገኙ?»

መልስ አልነበረኝም። የአምናው ጥናት የት እንደገባ እንኳ አላውቅም። ሴትየዋ አልተቆጡም፤ ቡና አጠጥተው ሸኙኝ። እኛም ጽሑፋችንን በእንግሊዝኛ አዘጋጀን፣ ፈታኞች ፊት ቀርበን ዲፌንስ አደረግን፣ ተመረቅን። ጥራዙ ዲፓርትመንቱ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ወደዚያች ቀበሌ የተመለሰ አንድም ወረቀት የለም።

የአገራችንን የጤና ጥናቶች የሚያነብ ሰው አንድ አረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃል። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ተዘጋጀ፣ ወደ አማርኛ ተተረጎመ፣ ትርጉሙ አለመዛባቱን ለማረጋገጥ ደግሞ በሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። እንደ አካባቢው አማርኛው ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሶማልኛ ይሆናል። ጥሩ ደንብ ነው። ጥያቄው ሰው በሚገባው ቋንቋ እንዲደርስ ይህን ያህል እንለፋለን። ውጤቱ ላይ ስንደርስ ግን ልፋቱ ያበቃል። መልሱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚያነበውም ፈታኙና የጆርናሉ አርታኢ ነው።

እኔ የምለው ውጤቱም ይመለስ ነው። የተጠየቀው ሰው ምን እንደተገኘ በራሱ ቋንቋ ይነገረው። ይህም ለተማሪው በጎ ፈቃድ የሚተው ሳይሆን የመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ክፍል ይሁን። አዲስ ነገርም አይደለም። ሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ጥናት ሥነ ምግባርን የሚመለከተው የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪ መግለጫ በጥናት የተሳተፈ ሰው አጠቃላይ ውጤቱን የማወቅ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ይናገራል። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎቻችን የፈቃድ ቅጹን መስመር በመስመር ያያሉ። መጨረሻ ላይ ውጤቱን ለሰዎቹ ማን እንደሚነግራቸውም ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

ደግሞ እኛ ከሕዝብ ርቀን የተማርን ሰዎች አይደለንም። የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቆም ከኋላው ደምቢያን የመታ የወባ ወረርሽኝ ነበረ። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የኮሙኒቲ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ እያሰለጠነ፣ በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። ቲም ትሬኒንግ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲጀምር ይህንኑ መንገድ ይዞ የተማሪ ጥናትን ጭምር በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አስገባው። ተማሪው ወደ ሕዝቡ የሚገባበት መንገድ ተሠርቷል። የጎደለው ውጤቱ የሚመለስበት ነው።

ይህን ጉዳይ የምግባር ብቻ አድርገው የሚያዩት ሰዎች አሉ። ለእኔ የጥናቱ ጥራት ጉዳይም ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። «ባለፉት 2 ሳምንታት ልጅዎ ተቅማጥ ነበረው?» የሚለውን ጥያቄ የጤና ተማሪ ሆኖ ያልጠየቀ የለም። በብዙ አካባቢ ግን ልጅ ጥርስ ሲያበቅል የሚያስቀምጠው ነገር በሽታ ተብሎ አይቆጠርም። እናትየዋ «የለም» ትላለች። አንዳንዷ ደግሞ ቀጥላ «ጥርስ እያወጣ ነው እንጂ» ትላለች። መጠይቁ ላይ ለዚያ ቦታ የለውም፤ ጠያቂው «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ትርጉሙ ሁለት ጊዜ ተፈትሿል፣ ቃሉም ትክክል ነው። ቁጥሩ ግን ተሳስቷል።

አሁን ያ ውጤት ወደ ቀበሌው ተመልሶ ቢነበብ ብላችሁ አስቡ። «በዚህ ቀበሌ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ጥቂት ነው» ቢባል፣ ከእናቶቹ አንዷ ተነስታ «የጥርሱን ጨምራችሁ ነው ወይስ ሳትጨምሩ?» ትላለች። ያቺ ጥያቄ ከማንኛውም የስታትስቲክስ ሶፍትዌር የበለጠ ታግዘናለች። ስህተቱን ማየት የሚችሉት እነሱ ናቸው። እኛ ግን እንዲያዩት አላደረግንም።

የሳይንቲስቱን የአክሊሉ ለማን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ በሽታውን የሚሸከሙት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ውኃው ላይ ሲንሳፈፉ ያያሉ። ከዚያው ትንሽ ከፍ ብሎ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሴቶቹ በላይ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ደህና ናቸው፤ የሞቱት ከታች ያሉት ብቻ ናቸው። የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ሲያደርጉት ሞቱ። ከዚያ ተነስቶ የብዙ ዓመት ምርምር ሆነ፤ እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። እንዶድ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ሳሙና ነው። ተመራማሪው ወንዙ ዳር ቆሞ ሴቶቹ የሚሠሩትን ባያይ ኖሮ ምንም አይገኝም ነበር።

ጥናት ለሰዎቹ ሊመለስ እንደሚችልም ቡታጅራ አሳይታናለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በአካባቢው በሚገኙ 10 ቀበሌዎች ልደትና ሞትን መመዝገብ ጀመረ። በኋላ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ዶክተር ደረጀ ከበደ ከ68 ሺህ በላይ ሰው አስጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ፈለጉ። አብዛኞቹ ታማሚዎች ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ይህ ጆርናል ላይ ወጥቶ ብቻ አልቀረም። ነርሶች የሚያክሙበት የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ እዚያው ቡታጅራ ተከፈተ። ጠያቂው መጥቶ ሲሄድ ሕክምና ትቶ ሄደ ማለት ነው።

የተማሪ ጥናት ክሊኒክ ይክፈት እያልኩ አይደለም። አቅሙም በጀቱም የለውም፤ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ የት እንደሚመደብም አያውቅም። ከመምህራን ጋር ሳወራ የሚነሳብኝ ይኼው ነው፤ እውነታቸውን ነው። ግን ተማሪው ቢሄድ ትምህርት ቤቱ አለ። በየዓመቱ አዲስ ቡድን ወደነዚያው ጤና ጣቢያዎች ይወጣል። የዘንድሮው ቡድን የአምናውን ውጤት ይዞ ይሂድ። ራሱን ሲያስተዋውቅ «አምና የመጡት ወንድምና እህቶቻችን ይህን አገኙ» ብሎ ይጀምር። ለዚህ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ጽሑፍ ከመፈረሙ በፊት በሰዎቹ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ እንዲኖረው ማድረግ ነው። አንዱ ቅጂ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይሰጥ፣ አንዱ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ያቺን አንድ ገጽ መጻፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ። «አድጀስትድ ኦድስ ሬሾ» ብሎ ማምለጥ የለም። «ኮንፊደንስ ኢንተርቫል» የሚለው የስታትስቲክስ ቃልም አይሠራም። ምን እንዳገኘህ ለአንዲት እናት ማስረዳት ካልቻልክ፣ ምናልባት አንተም በደንብ አልገባህም። እንግሊዝኛው ከሌላ ሰው ጽሑፍ ተለቃቅሞ ሊሞላ ይችላል፤ ይሄኛው አይቻልም። እኔ መምህር ብሆን ኖሮ ከዲፌንሱ በፊት አስቀድሜ የማነበው እሱን ነበር።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር የራሴን ጥራዝ ከቤት ፈልጌ አወጣሁት። ዓመታት አልፈዋል። አንድ ምሽት ሙሉ ተቀምጬ በአማርኛ ጻፍኩት፤ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ብዙው ቤት ሽንት ቤት ቆፍሮ ነበር፤ አጠገቡ የእጅ መታጠቢያ ያስቀመጠው ግን ጥቂቱ ነው። ሕፃናቱ የመጀመሪያውን ክትባት ወስደው ኋላ ላይ ያቋርጡ ነበር። እናቶቹ የነገሩን ምክንያት የጤና ኬላው ርቀት ሳይሆን የገበያ ቀንና የክትባት ቀን መጋጨት ነበር። ይቺን የመጨረሻዋን እኔ ራሴ ረስቻታለሁ። እንግሊዝኛው ውስጥ ሰንጠረዥ 6 ላይ ተደብቃ ነው ያገኘኋት።

ስልኳን አፈላልጌ ለቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቴሌግራም ላክሁላት። በጣም ዘገየሁ ብዬ ይቅርታም ጠየቅኋት። በማግስቱ ደወለችልኝ። የክትባት ቀኑ ዛሬም ማክሰኞ ነው፣ ገበያውም ማክሰኞ ነው አለችኝ። ለወረዳው አሳይቼ ቀኑን ላስቀይር እሞክራለሁ አለች።