ጀግናውን በወሬ አትቅበሩት

ወገኖቼ፣ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር የፊታውራሪ ገበየሁን ስም ከፍ አድርጋችሁ ትጠራላችሁ። ጎራው ገበየሁ ሲባል ደረታችሁ ይነፋል፣ የእኔም እንደዚያው። ነገር ግን እንደ እሳቸው ብዙ ባልተጻፈላቸው የጦር ሰዎች የውክፔዲያ ገጽ ላይ የምታደርጉትን እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የትውልድ ዓመት ይጨመራል። አንዱ የአባትን ስም ይለውጣል፣ ሌላው ይመልሰዋል። ማንም ያልሰማው ፉከራ በትእምርተ ጥቅስ ታጥሮ የጀግናው ቃል ይባላል። የማን ፎቶግራፍ እንደሆነ ሳይጣራ ጋሻ የያዘ ሰው ሁሉ ይለጠፋል። ይህ ለአባቶቻችን ክብር መስጠት አይደለም።

ስለ ፊታውራሪ ገበየሁ በእርግጥ የምንይዘው ጥቂት ነው። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ የጣሊያኑን ሜጀር የቶዜሊን ጦር በደመሰሰው ውጊያ፣ ከራስ መኮንን ጋር ከዘመቱት መካከል ግንባር ቀደም ሆነው ተዋጉ። ቶዜሊ እዚያው ሞተ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 23፣ ፊታውራሪው ራሳቸው አድዋ ላይ ወደቁ። ይህ ብቻውን ለአንድ ሰው ይበቃል። ማስጌጫ አይፈልግም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ትውፊት ነው። አምባ አላጌ ላይ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ውጊያ ከፈቱ ተብለው ታሰሩ ይባላል። ከጀርባዬ ተመትቼ ከሞትኩ እዚያው ተዉኝ፣ ፊት ለፊት ተመትቼ እንደሆነ ግን አጽሜን አገሬ አግቡልኝ ብለው ተናዘዙ፣ አጽማቸውም በኋላ አንጎለላ ኪዳነ ምሕረት ገባ ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። የአድዋ ትውልድ ስለ ድፍረትና ስለ ኀፍረት ምን ያስብ እንደነበር ከብዙ ሰነድ ይልቅ ያሳየኛል። ስለዚህ ከገጹ ይውጣ አልልም። «እንዲህ ይተረካል» ተብሎ፣ ማን እንደተረከውና የት ታትሞ እንደሚገኝ ተጠቅሶ ይግባ። እናንተ ግን «ይባላል» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ቆጥራችሁ ትሰርዙታላችሁ። በሰረዛችሁት ቁጥር የሚጠራጠር አንባቢ ሌላውንም፣ እውነተኛውንም፣ አብሮ ይጥለዋል።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ደግሞ በደንብ ስሙኝ፣ ብዙ ገጽ የሚበላሸው በዚህ ነውና። ስምንት ደምሩ ሲባል ሰምታችሁ በደፈናው ትደምራላችሁ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ ያለው ልዩነት ሰባት ነው፣ ስምንት የሚሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። አምባ አላጌም አድዋም በ1888 ዓ.ም. ናቸው። በፈረንጆቹ ግን አምባ አላጌ ዲሴምበር 7 ቀን 1895፣ አድዋ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። በአምባ አላጌው ላይ ስምንት የደመረ ሰው ውጊያውን ከአድዋ ዘጠኝ ወር በኋላ ያደርገዋል፤ የካቲት ላይ የወደቁትን ፊታውራሪ ዲሴምበር ላይ ያዘምታቸዋል ማለት ነው። ቀኑም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው፣ ያኔ ግን ማርች 1 ነበር። ፈረንጆቹ በ1900 ዓመታቸው ላይ ትርፏን ቀን ስላልጨመሩ አንድ ቀን ተንሸራቷል። ስለዚህ ማርች 1 የሚለውን ስታዩ ስሕተት መስሏችሁ አታርሙ።

ከሁሉ የሚከፋኝ ግን ሌላ ነው። አንዱ ያለ ምንጭ አንድ ዓመት ይጽፋል። ጋዜጣው ወይም የፌስቡክ ገጹ ከዚያ ይወስዳል። ከዚያ ሦስተኛው ሰው ይመጣና ያንኑ ጋዜጣ ምንጭ ብሎ በገጹ ግርጌ ያስገባል። ውሸቱ ራሱን ምስክር አቆመ። እያንዳንዱ ገጽ የለውጥ ታሪክ አለው፣ መቼ ምን እንደገባ ያሳያል። ጋዜጣው ቀድሞ እንደሆነ ወይም ገጹ፣ ቀኑን አመሳክሩ። የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ የማትሠሩት ስለምትንቁት ነው።

የዘር ጭቅጭቁን አላስረዝመውም። ሰውዬው የወደቁት ከየአገሩ ከተሰበሰበ ሠራዊት ጋር ነው፣ እናንተ ግን የማን ናቸው እያላችሁ ስትሻሙ ስለ ውጊያው አንድ መስመር አትጨምሩም።

ሥራ ያጣችሁ አይምሰላችሁ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል ታትሞ አለ፣ ገልጣችሁ ገጹን ቆጥራችሁ ጥቀሱ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ። ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ አንጎለላ ሩቃችሁ አይደለም፤ ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፣ ድምፃቸውን ቅረጹ፣ ስማቸውንና ቀኑን መዝግቡ። ሮም የምትኖሩ ደግሞ የጣሊያን ጦር የታሪክ መዝገብ እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ነው። ጠላት ስለ አምባ አላጌ የጻፈውን እናንተ ካላነበባችሁልን ማን ያንብብልን?

አንድ ነገር ልብ በሉ። የቀረጻችሁት ቃል ወይም ከአያት ሣጥን ያወጣችሁት ደብዳቤ ወዲያው ወደ ውክፔዲያ አይገባም፤ ደንቡ የሚጠይቀው የታተመና ሌላው ሰው አግኝቶ ሊያመሳክረው የሚችል ምንጭ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ አንሱት፣ ቅጂውን ወመዘክር ወይም ተቋሙ ዘንድ አስቀምጡ፣ የታሪክ ባለሙያ አይቶት በመጽሔት እንዲያወጣው አድርጉ። እስከዚያ ድረስ የትውልድ ዓመቱ ቦታ ባዶ ይቆይ። ያለ ምንጭ የጻፋችሁት ካለ ዛሬ ማታ ገብታችሁ አንሱት፣ ያነሣችሁበትንም ምክንያት በውይይት ገጹ ላይ ጻፉ።