ቀላል ፍላይዊል የፈረስ ጉልበት አይጨምርም

«ማንዋል መኪናህ ላይ ቀላል ፍላይዊል አስገባ፣ የፈረስ ጉልበቱ ይጨምራል» የሚለው ምክር እርማት ይፈልጋል።

ፍላይዊል ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ከባድ የብረት ዲስክ ነው፤ ጉልበት አያመነጭም። ሞተሩ የሰጠውን ያጠራቅማል፣ መልሶ ይለቃል። ሲቀል የሞተሩ ዙር ቶሎ ይወጣል፣ የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅም ቶሎ ይወርዳል። ያ ነው «ጉልበት ጨመረ» የሚያስብለው። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ሲነዳ ግን የሚያመጣው ነገር የለም።

ጥቅሙም እንደ ማርሹ ነው። እስቲ እናስላው። ከፍላይዊሉ መሃል 10 ሴንቲሜትር ርቆ 3 ኪሎ ተቀነሰ እንበል፤ የጎማው ራዲየስ 30 ሴንቲሜትር ይሁን። በአንደኛ ማርሽ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ 14 ጊዜ ከዞረ፣ ለማፍጠን መኪናው 65 ኪሎ ያህል የቀለለ ይመስላል። ቀላል አይደለም! በአምስተኛ ማርሽ ሞተሩ የሚዞረው 3.2 ጊዜ ቢሆን ግን ጥቅሙ 3 ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም።

ለውድድር መኪና ይሁን፣ አልቃወምም። ለከተማ ግን ጣጣ ነው። ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ሞተሩ ቶሎ ይጠፋል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ይንቀጠቀጣል፣ ካምቢዮውም ሊንኳኳ ይችላል።

የፋብሪካውን ፍላይዊል ቶርኖ ቤት ወስዶ ማሳሳትማ ጭራሽ አይሞከር። ከመጠን በላይ የሳሳ ፍላይዊል በከፍተኛ ዙር ተሰንጥቆ ሊበታተን ይችላል። በብዙ መኪኖች ደግሞ ያለው ከነጂው እግር ብዙም ሳይርቅ ነው።