ኧረ ፊልሙን መጀመሪያ ጨርሳችሁ እዩት!

በናታችሁ፣ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር "ይሄ ፍሮዝን የሚሉት ፊልም ሴቶቹን ትዳር እያስጠላቸው ነው" የሚል ሰው ሰለቸኝ። ስልኩን እየጎረጎረ በአንድ ዓይኑ ትንሽ ያይና ፍርድ ይሰጣል። የእህቴ ልጆች ጠዋት ማታ ስለሚከፍቱት እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ስለዚህ ዛሬ ልተንፍሰው።

የፊልሙ ልዕልት አና እኮ ትዳር አልጠላችም! እንደውም ዕድሜዋን ሙሉ በር ተዘግቶባት ኖራ የቤተ መንግስቱ በር በተከፈተ ቀን ያገኘችውን ሸበላ፣ ሀንስን፣ እዛው ማታ ካላገባሁት ብላ ታላቅ እህቷ ፊት ይዛው ቀረበች። ኤልሳ ደግሞ ዛሬ ያወቅሽውንማ አታገቢም አለቻት። በቃ። ይሄ ነው አመፁ? ሰባት ቤት ካልተቆጠረ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ካልተጣራ የምትሉት እናንተ አይደላችሁ እንዴ? ሽማግሌ ሲላክ እንኳን "አጣርተን እንመልሳለን" ይባላል እኮ። ልጅቷ የሰራችው የጋሼን ስራ ነው!

ደግሞ ሲጣራ ምን ሆኖ ተገኘ፣ አስራ ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ያሉት፣ ባገሩ ዙፋን እንደማይደርሰው የገባው፣ በሚስት በኩል ሊነግስ የመጣ። አና የኤልሳ የበረዶ አስማት ሳይታሰብ መትቷት ልቧ በረዶ እየሆነ ሳመኝና አድነኝ ስትለው ፊቷ ድረስ ጠጋ ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ ተዋት። ከዛ ሻማውን አጥፍቶ፣ የምድጃውን እሳት ውሃ አፍስሶበት፣ ቆልፎባት ወጣ። እኔ ይሄን ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል። የድሮዎቹ ይሻላሉ የምትሉት በፈረንጆቹ 1937 የወጣችው ስኖው ዋይት፣ ጉድጓድ ዳር አንዴ የዘፈነላት ሰውዬ ሲስማት ነቅታ "ለመሆኑ ማነህ አንተ?" እንኳን ሳትል ፈረሱ ላይ ወጥታ ሄደች። እዚህ ግን በረዶ ነጋዴው ክሪስቶፍ ሊስማት ፈልጎ እየተንተባተበ ያስፈቅዳታል፣ እሷም ትፈቅዳለች። (አጎቴ እዚህ ጋ "ወንድ ያስፈቅዳል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እሺ።)

ያዳናትም መሳም አይደለም። ክሪስቶፍ በረዶው ላይ እየሮጠ ሊደርስላት ሲል ትታው ዞራ ሀንስ እህቷ ላይ የመዘዘው ሰይፍ ፊት ቆመች። "አዲስ ነገር አመጡብን" ደግሞ አትበሉኝ፣ መነሻው የዴንማርኩ ደራሲ የአንደርሰን "የበረዶዋ ንግስት" ተረት በፈረንጆቹ 1844 የታተመ ነው፣ እዛም ላይ ጌርዳ የምትባል ሚጢጢ ልጅ ናት ወንዱን ልጅ ልታስመልስ አገር ያቆራረጠችው።

እንከን ልፈልግ ካልኩማ እኔም አላጣም፣ የሁለቱም እህትማማቾች ዓይን ከእጅ አንጓቸው ይበልጣል፣ ወገብ የሚባል ነገርም የላቸውም። ሴት ዳይሬክተርም ብትሉ የዋልት ዲዝኒ አኒሜሽን ስቱዲዮ በረጅም ፊልም ላይ ሴት ያስቀመጠው ገና በዚሁ በፈረንጆቹ 2013 በወጣው ፊልም ነው፣ ጄኒፈር ሊን፣ እሷንም ከወንድ ጋር አጣምሮ።

የሚያንገበግበኝ ግን ወንዱ የእህቴ ልጅ ነው። አጋዘኑን እያየ ሲንከተከት አክስቴ "ይሄ የሴት ነው፣ አንተ ወንድ አይደለህ?" ብላ ሪሞቱን ቀማችውና የሚታኮሱበት ፊልም ከፈተችለት። እትዬ፣ ፊልሙ የሚጀምረው እኮ በረዶ በመጋዝ እየቆረጡ በሚዘፍኑ ጎረምሶች ነው! ደግሞስ ማስፈቀድን ከክሪስቶፍ ካላየ ከማን ሊያይ ነው፣ ከአጎቴ? ሪሞቱን መልሺለት!