ከማዕዱ ቀርባችሁ ከማኅበሩ ለምትርቁ

በአሜሪካ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የምትማሩ፣ ልጆቻችሁንም እዚያ የላካችሁ ኢትዮጵያውያን ወገኖቼ ሆይ፤ በየትምህርት ቤቱ ያለውን የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር ሲቸግራችሁ ትጠጉታላችሁ፣ ሲደላችሁ ትሸሹታላችሁ። ይህ ነውር ነው። በጓዳ ተነግሮ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ በጓዳ እናገረው ነበር፤ ነገር ግን የምታደርጉት በአደባባይ ነውና ተግሣጹም በአደባባይ ይሁን።

የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) ትምህርት እንዴት እንደሚጀምር ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ። ተማሪው የክፍሎቹን አቅጣጫ እንኳ በቅጡ ሳይለይ ባንኮችና የማማከር ድርጅቶች ለክረምት ልምምድ የሚወስዱትን ሰው ለማየት ግቢ ይገባሉ። አባቱ ወይም አጎቱ በዚያ ሙያ የኖረ ልጅ ማንን ማነጋገር፣ ምን ብሎ መጻፍ እንዳለበት ከቤቱ ተምሮ መጥቷል። አባቱ ታክሲ እየነዳ፣ እናቱ በሆስፒታል አዳር እየሠራች ያሳደጉት የእኛ ልጅ ግን በትምህርቱ ከማንም ባያንስም የዚያን ዓለም ወግ የሚነግረው ዘመድ የለውም። የሚነግረው ማኅበሩ ነው። ሲመሽ፣ ሌላው ወደየቤቱ ሲሄድ፣ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የራሷን ጥናት አቆይታ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ልታለማምደው በባዶ ክፍል ውስጥ ከፊቱ ትቀመጣለች። ሽያጩ እያደገ ትርፉ ስለቀነሰ አንድ የችርቻሮ ድርጅት ትጠይቀዋለች፤ እሱም በነጭ ወረቀት ላይ ገቢውንና ወጪውን እየከፋፈለ ሊመልስ ይሞክራል፤ ስሌቱን ሲስት ታስቆመውና ከመጀመሪያው ታስጀምረዋለች። ስለ ራሱ እንዲናገር ስትጠይቀው፣ ራስን ማወደስ ነውር እንደሆነ እየተነገረው ያደገ ልጅ ነውና ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ጥሎ ድምፁን ይቀንሳል። ቀና ብሎ የሠራውን ሥራ በስሙ እየጠራ እንዲናገር እስኪለምድ ድረስ አትለቀውም። ለዚህ ድካሟ የሚከፍላት የለም፤ ከዓመት በፊት ሌላ ሰው ለእሷ ያደረገላትን ነው የምታደርገው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደጋግሜ አይቻለሁ። የልምምዱ ቦታ በተገኘ ማግስት ያ ልጅ ከስብሰባው ይጠፋል። በጸደይ ትምህርት ቤቱ አዲስ የተቀበላቸው ተማሪዎች ግቢውን ሊያዩ ሲመጡ የሚያስተናግድ ሰው ይፈለጋል፤ ለዓመታዊው ጉባኤ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶችን የሚለምን፣ እንግዳ የሚቀበል፣ ወንበር የሚደረድር ይፈለጋል። ያኔ «እኔ እንኳ ሀበሻ ነኝ፤ ይህ የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ወገኖቼ፣ በአገራችን እንዲህ ያለው ሰው ወጭት ሰባሪ ይባላል፤ ወርቅ ላበደረ ጠጠር የመለሰ ይባላል።

እናንተም ወላጆች፣ ልጆቻችሁን «ከእነሱ ጋር አትግጠሙ» እያላችሁ የምታሳድጉ፣ ከዚህ ተጠያቂነት አታመልጡም። ልጁ ይህን መሸሽ የተማረው በእናንተ ሳሎን ነው። ልዩ ነን በማለት ከጥቃት እንደምናመልጥ ታስባላችሁ። ለትምህርት ወደ አሜሪካ የመጣው ሙሉጌታ ሥራው በ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፖርትላንድ ጎዳና ላይ በነጭ ዘረኞች ተደብድቦ ሲገደል፣ ገዳዮቹ ከየት አገር እንደመጣ አልጠየቁትም።

ማኅበሩ ከየት እንደመጣ ብታውቁ ኖሮ እንደ ትርፍ ጊዜ ክበብ አታዩትም ነበር። የሃርቫርዱን ማኅበር ተመልከቱ። ኔይለር ፊትዝሂው የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በ1933 ከሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ሲመረቅ፣ ያን ዲግሪ ይዞ እንኳ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በራቸውን አልከፈቱለትም፤ የጥቁሮች ወደሆነው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ከ30 ዓመት በላይ አስተማረ። ካስተማራቸው አንዷ፣ በቨርጂኒያ ገጠር ያደገችው ሊሊያን ሊንከን፣ በእሱ ግፊት ሃርቫርድ ገባች። በዚያ ግዙፍ ትምህርት ቤት አብረዋት የገቡት ጥቁር ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት በ1968 እሷና አራት ጓደኞቿ የአፍሪካ አሜሪካውያን ተማሪዎችን ማኅበር መሠረቱ፤ የጥቁር ተማሪዎች ቁጥር እንዲጨምር ዲኑን ጠየቁ፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጡትንም ፈልገው አመጡ። ሊሊያን በ1969 ስትመረቅ በዚያ ትምህርት ቤት ኤምቢኤ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ እስከ ዛሬ በፊትዝሂው ስም ይጠራል። አምስት ሰዎች ናቸው ይህን ያቆሙት፤ የራሳቸው ፈተናና የራሳቸው ሥራ ፍለጋ እያለባቸው።

እኛ ወደዚያ አገር የገባንበት በርም ቢሆን ከዚህ ትግል የተለየ አይደለም። ለአፍሪካ ይሰጥ የነበረውን ኢምንት ኮታ ያስቀረው የ1965 የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በጸደቀ በዓመቱ ነው፤ ሰላማዊ ሰልፈኞች በውሻ ሲነከሱና በውኃ ሲመቱ ባየ ምክር ቤት ነው የጸደቀው። ከዚያም በፊት፣ ጣሊያን በ1935 ሲወረን፣ ታስኪጊ ከተባለው የጥቁሮች ተቋም የተመረቀው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ ለኢትዮጵያ በረረ፤ ከድሉም በኋላ ተመልሶ አብራሪዎቻችንን አሠለጠነ፤ የተቀበረውም አዲስ አበባ ነው። ፊትዝሂው ባስተማረበት በዚያው ሀዋርድ ሕክምና የተማረው ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊት አግብቶ፣ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁም አጋር ያደረገው ጥቁር አሜሪካውያንን ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ ቤት ጋር የተዛመደ ሰው ነበር፤ ልዩ ነኝ ማለት ለማን ይቀርበው ነበር? እሱ ግን አላለም።

የራሳችን ማኅበር አለን የምትሉኝ አላችሁ። መልካም ነው፤ በእሱም ተሰብሰቡ፤ በሁለቱ አባል መሆንን የከለከለ የለም። አንዳንድ ጥቁር አሜሪካውያን እንደ ባዳ ያዩናል የምትሉም አላችሁ። ይህም አንዳንዴ እውነት ነው፤ ግን ቅሬታቸውን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አያቶቹ በባርነት የተሸጡበትን ልጅ ወደ ጎን ትቶ የስደተኛን ልጅ ተቀብሎ «ይህን ያህል ጥቁር ተማሪ አለኝ» ብሎ የሚቆጥር ትምህርት ቤት ሲያዩ ቢከፋቸው ምን ይፈረዳል? በቁጥሩ ስንገባ ዝም ብለን፣ በሸክሙ ጊዜ ስንወጣ የሚያዩን ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ቅሬታ የሚፈታው አብሮ በመሥራት ነው፤ ከውጭ ቆሞ በማማት አይደለም።

አሁን ደግሞ ሸክሙ ከብዷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 ዘርን በተማሪ ቅበላ መመዘኛ ማድረግን ከልክሏል፤ እንደ ቴክሳስ ባሉ ግዛቶች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ጥቁርና ሌሎች አናሳ ተማሪዎችን ይደግፉ የነበሩ ቢሮዎች በሕግ ተዘግተዋል። ደመወዝተኛ ሠራተኛ ይሠራው የነበረው ሁሉ በተማሪው ትከሻ ላይ ወድቋል። እንግዲህ ተማሪዎች፣ ያለማመዱአችሁን ያህል አለማምዱ፤ ከሁለተኛ ዓመታችሁ ምሽቶች ለአዲሶቹ ክፈሉ። ተመርቃችሁ በባንክና በማማከር ድርጅት የተቀመጣችሁ፣ ከማኅበሩ የሚላክላችሁን መልእክት ሳትመልሱ አትለፉ፤ ለጉባኤው የሥራ ቦታችሁ እንዲረዳ አለቆቻችሁን ጠይቁ። ወላጆች፣ ልጃችሁ የማኅበሩን ጓደኞች ለበዓል ይዞ ሲመጣ እንደ ዘመድ ተቀበሏቸው። የኮሚቴው ምርጫ ሲደርስ ደግሞ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ለመሆን የሚሽቀዳደም ሰው የለምና፣ ለእነዚህ ሥራዎች ስማችሁን አስመዝግቡ።